ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ

የግንበኛውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሽንቁር» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ሲያቆም ኖሮ፣ በስተርጅና የያዘው አባዜ የሰው ቤት ሙቀት በየት በኩል እንደሚሾልክ መፈለግ ነው። ሻማ አብርቶ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ያስጠጋል፤ ነበልባሉ ዘንበል ካለ ባለቤቱን ልክ ልኩን ይነግረዋል። «ቤት ብለህ ወንፊት ነው የሠራኸው?»

የቤቶችን ሙቀት አያያዝ የምትመረምር መሐንዲስ ወደ እሱ ቤት የመጣች ዕለት ታዲያ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ መሳብ ስትጀምር፣ «በከንቱ ነው የምትደክሚው የኔ ልጅ። እዚህ ቤት ዝንብ እንኳ ሳታስፈቅድ አትገባም» አላት።

መሣሪያዋ ግን አየር የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለ አሳየ። ጋሽ ሽንቁር በንዴት ሻማውን ይዞ ቤቱን ዞረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ ድፍት አለ። ገለጥ ቢያደርገው፣ ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘ። ከሥሩ የሚስቱ በርጩማ ተቀምጧል።

«ይሄን ማነው የበሳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ፣ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል። «ሁሉን ስትደፍነው ቤቱ ሞቀ፣ ወሬው ግን ውጭ ቀረ። ብርድስ በብርድ ልብስ ይቻላል።»

ሲሚንቶ አቡክቶ ሊደፍነው ሲጠጋ፣ የጎረቤቲቱ ድምፅ በቀዳዳው መጣ።

«ጋሼ፣ ሳይደፍኑት አንዴ ይታገሱን። ትናንት ስለ ባሌ ሲያወሩ ግማሹን አልሰማነውም፤ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሏል፣ ቢደግሙልን።»