ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ የነበረው ግቢያችን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለው አሮጌ ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። እንደ ብዙው የመተማ ሰው ለአንድ መኸር ሰሊጥ ላጭድ ብዬ መጥቼ እዚያው ቀረሁ። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ፤ ሲመሽ ወደ ግቢያችን እገባለሁ። አራት የጭቃ ጡብ ክፍሎችና አንድ የኒም ዛፍ ነበሩበት። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ሱዳናዊት ነበሩ፤ መካ ደርሰው የተመለሱ ስለሆኑ ሁላችንም ሐጃ እንላቸዋለን።

ከእኔ ክፍል ጎን አንድ የጎንደር ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ሥራቸውን ተዉ። ቢሆንም ጧት ጧት የሰፈሩን ግድግዳ በግራ እጃቸው እየዳበሱ፣ ማንም ሳይመራቸው ገበያው አፍ ድረስ ይሄዱና ካገራቸው ሰዎች ጋር ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

"አባባ፣ ይወድቃሉ" እላቸዋለሁ።

"ግድግዳው እያለ? የት እወድቃለሁ ልጄ!" ይሉኛል።

ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ከተማውን ከሞላው በኋላ፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ሐጃ ማንበብ ስለማይችሉ አንደኛው አነበበላቸው። ሰፈሩ ከመኖሪያነት ወደ ንግድ ቦታነት ተዛውሯል፤ በጭቃ ቤቱ ፋንታ ባለ ፎቅ ሱቅ መሥራት የሚችል ይሥራ፣ የማይችል ለሚችል ይልቀቅ ይላል።

"ፎቅ?" አሉ ሐጃ። "እኔ ይህን ጣሪያ እንኳ ዝናብ ሳይመጣ ማስለሰን አቅቶኛል።"

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ሐጃ የሰጧቸውን ውኃ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ሄዱ።

ለራሴና ለሽማግሌው ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። መሀል ከተማው ሁሉ ተይዟል። የቀረውም ወይ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ወይ "ለሐበሻ አናከራይም" ይሉኛል። በመጨረሻ ከከተማው ዳር፣ ውኃ በአህያ ጋሪ ከሚመጣበት ጥቁር አፈር ላይ አንድ ክፍል አገኘሁ።

"ማን አብሮሽ ይኖራል?" አለኝ አከራዩ።

"ዓይነ ስውር አባት አሉኝ።"

"ሽማግሌ አልፈልግም። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ብቻሽን ከሆንሽ ግቢ።"

ትንሽ እንኳ አላሰብሁም። "እሺ፣ ብቻዬን ነኝ" አልሁት።

ለሽማግሌው የነገርኋቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። "አባባ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ፤ ሌላ ቤት ፈልጌ እወስድዎታለሁ።"

"ሂጂ ልጄ" አሉ። "አንቺ ገና ነሽ።"

ሐጃ አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ፊቴን አይተው፣ "ያ ቢንቲ፣ ምን አልሽው?" አሉኝ። ያ ቢንቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። ነገርኋቸው። በሦስተኛው ቀን የራሳቸውንና የሽማግሌውን አልጋ አንድ መኪና ላይ አስጭነው፣ ሾዋክ የምትባል ከተማ፣ እህታቸው ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ጎረቤቶች፣ "ዘመድሽ ያልሆነ ክርስቲያን የት ትወስጃለሽ?" ቢሏቸው፣ "ስንት ረመዷን ከትሪዬ አብሮኝ አፍጥሯል፤ ከዚህ ወዲያ ዘመድ ምንድን ነው?" አሉ።

ቤቱ የፈረሰው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ከመጋዘኑ በር ቆሜ አየሁት። አንድ ረፋድ አልፈጀም። ኒሙንም ቆረጡት።

ሾዋክ የሄድሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቶሎ ያልሄድሁት መንገዱ ርቆብኝ አልነበረም። ሽማግሌው ጥላ ሥር ተኝተው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። የሾዋክ ቤቶች የእሾህ አጥር ነው ያላቸው፤ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። ድምፄን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ሐጃ ቤቱ አለ ትለኛለች" አሉ ቀስ ብለው። "አዝናልኝ ይሆናል። አንቺ ያገሬ ልጅ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ፈረሰ?"

ሐጃ ውኃ ይዘው ከኋላቸው ቆመው ነበር። አማርኛውን ባይሰሙም ጥያቄውን ያወቁ ይመስለኛል፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

"አለ፣ አባባ" አልሁ።

"በሩም?"

"በሩም አለ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይመኑኝ አይመኑኝ አላወቅሁም። "እግዜር ይስጥሽ" አሉና እጄን ሳይለቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የሞቱት በክረምቱ ነው። የስልክ አውታር ተቋርጦ ስለነበር የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ከስደተኞች ካምፕ የመጡ የትግራይ ወጣቶች ጸሎት አድርሰው ቀብረዋቸዋል። ስደርስ ሐጃ አልተቆጡኝም። መቃብሩን አሳይተው፣ አብልተው፣ አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንም በዚያችው ክፍል ነው የምኖረው። ስገባባት አላስተዋልሁትም እንጂ ሰፊ ናት፤ ሁለት አልጋ ትችል ነበር።