ናፍጣ የነፈገው ብሎን

የእህቴን ባል ሾፌሮቹ «ዝግታ» ይሉታል። ዕድሜውን የጨረሰው አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ላይ ነው፤ እህቴም አብራው እየዞረች ሒሳብ ትሰበስባለች። ከመኪናዋ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ጭሱ ከልክ ያለፈ መኪና ሰሌዳው ይነሳል የሚለው አዲሱ ደንብ በሬዲዮ ከተነገረ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። እህል አልወርድ አለው። ሲነዳ እንኳ ዓይኑ በመስታወት ወደ ኋላ፣ ወደ ጭሱ ነው። ከፊትህ ያለውን እያየህ ንዳ እያልኩ ስንቴ ተጣላሁት።

በኋላ መካኒኩ መላ አለኝ አለው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ናፍጣ የሚወስን ብሎን አለ። ለምርመራው ቀን ዘወር ሲያደርጉት ናፍጣው ይቀንሳል፣ ጭሱም ይጠፋል። ሾፌሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ነገር ግን እንደዚያ የተደረገ ሞተር ጉልበት ስለማይኖረው ከምርመራ እንደወጡ ያስመልሱታል። ዝግታ ምርመራውን አለፈ። ብሎኑን ግን አላስመለሰም። መንገድ ላይ ድንገት አስቁመው ቢመረምሩኝስ ብሎ ፈራ፣ ያ ቦቅቧቃ።

በማግስቱ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ነበር። መኪናው ጢም ብሏል። ዳገቱን እኩል እንዳልን ሞተሩ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። የዚያች መኪና ፍሬን ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋይ ይሆናል፤ ቢረግጡት አይዝም። ዝግታ በሁለት እግሩ ቆመበት፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ከታች ሰው የሞላበት መንገድ ነው። በቃ አለቀልን አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ለካ እህቴ የጎማ ማስደገፊያውን ታኮ ይዛ በበሩ ዘላለች። የእንጨቱን ታኮ ከኋላ ጎማው ሥር ስታስገባው መኪናው ተንገራገጨና ቆመ። ጣቶቿ ለጥቂት ተረፉ።

ተሳፋሪው እየተራገመ በእግሩ ሄደ። ዝግታ መሪውን አልለቅ ብሏል።

«ሰሌዳውን እንዳይወስዱብን ብዬ እኮ ነው» አላት።

እህቴ አቧራ የለበሰ እጇን በመስኮቱ አስገብታ አሳየችው። «ይሄንንስ ማን ይመልስልህ ነበር?»

ዝግታ ከመቀመጫው ሥር መፍቻ አወጣ፣ ወረደ፣ ሰሌዳውን በገዛ እጁ ፈታው። እሷም ተው አላለችውም። ጎታች እስኪመጣ ሦስታችንም መንገድ ዳር ቁጭ አልን፤ እሷ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔ ዓይኔን ከታኮው ሳልነቅል።