ያልተቀመሰ አይገባም

ወልቂጤ ላይ ፖሊሶች የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። ከእኔ ጋር ስለ ጤና የሚያጠኑ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ነርስ ናት። የሰፈሩን ቤት ሁሉ ስለማውቅ እኔን መንገድ መሪ አድርገው፣ ጎረምሳውንና ኮረዳዋን «ትናንት ምን በላህ? ምን በላሽ?» እያሉ ይዞራሉ። የሚያስል ካገኙ አክታውን ለምርመራ ይልካሉ። ሥራው ይኸው ነው።

ልጆቹን ሂዱ አሏቸውና እኔን ወሰዱኝ። ከዚያ በፊት ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ቧንቧው ንፋስ ነው የሚተፋው፤ ውሃ ሳትሰጡን ለምን ትሰበስቡናላችሁ?» ብዬ ነበር። ለካ አልረሱትም።

መርማሪው ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ጨዋ ነው፣ አንቱ ይለኛል።

«አባት፣ ወጣቶቹን እየሰበሰቡ ምን ይሏቸው ነበር?»

«ትናንት ምን በላችሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከትናንት ወዲያስ ምን በላችሁ።»

«ይሄ ቅስቀሳ ነው።»

«የበሉትን መጠየቅ ቅስቀሳ ከሆነ እናትህም ቀስቃሽ ናት» አልኩት።

አልተቆጣም። ጻፈው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የላብና የሽንት ባልዲው ሽታ አንድ ላይ ይቀበልሃል። ከላይ ያለችው አንዲት መስኮት በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍናለች። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ቡታጅራ ጨርቅ የሚነግድ ቀልደኛ ሰው ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ አስታራቂ ሽማግሌ መጣልን!» አለና ቦታ ለቀቀልኝ።

በሩ ሥር አንድ ወጣት ለብቻው ተቀምጧል፣ ሳህኑም ለብቻው። ያስላል። የአገና ልጅ ነው፤ ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር አጋርተሃል ተብሎ ነው የገባው።

«ጉንፋን ነው?» አልኩት።

«ቲቢ ነው አባባ። መድኃኒት ጀምሬ ነበር፤ ከተያዝኩ ወዲህ ግን አልዋጥኩም።»

ካቦው ሊያስረዳኝ ቀረበ። «ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ደፈንንለት፤ በሽታው እንዳይዘን ደግሞ ሳህኑን ለየን።»

«ገልብጣችሁታል!» አልኩ። ነርሷ በየቤቱ ይህንኑ ስትደጋግም ጆሮዬ ሰልችቶታል፤ በሽታው በሳል ወጥቶ በአየር ነው የሚሄደው፣ ሳህን ምን አደረገ? ባዶ ጀሪካን ላይ ቆምኩና ከረጢቱን ነቀልኩት።

«ሽማግሌ፣ በብርድ ሊያስፈጁን ነው?»

እነሱ ይደፍናሉ፣ እኔ እነቅላለሁ። ይደፍናሉ፣ እነቅላለሁ። በመጨረሻ ካቦው «ከእኚህ ሰውዬ ጋር ከመከራከር ብርዱ ይሻላል» ብሎ ተወኝ።

ከዚያ ልጁ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። አፌ ለምዶ፣ «ትናንት ምን በላህ?» አልኩት።

«ቆጮ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቆጮ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ እሱም እየሳለ ሳቀ። ሴት ልጄ የላከችልኝን አይብና ጎመን ሳህኑ ላይ ገለበጥኩና አብረን በላን። የሚያሳስበኝ ግን ምግቡ አልነበረም። ነርሷ እንዳለችው ይህ መድኃኒት መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ንቆ ይመለሳል። ልጁ በየቀኑ እየከሳ ነበር።

እናቱ ከአገና ድረስ ስንቅና መድኃኒት ይዛ ትመጣለች። ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ወደ ግቢው ስንወጣ የበሩ ንግግር ይሰማል። የእስር ቤት ደንብ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ጥበቃው ፊት ከእያንዳንዱ ይቀምሳል። እናትየው ከቆጮው ቀመሰች። ከጎመኑ ቀመሰች። መድኃኒቱን አወጣች።

«ቅመሺው» አላት ጥበቃው።

«መድኃኒት እኮ ነው ልጄ።»

«ያልተቀመሰ አይገባም።»

«እሺ፣ እቀምሳለሁ።»

«ቆይ! ያልታዘዘለት ሰው መድኃኒት አይውጥም፣ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያልተቀመሰ አይገባም አልኩሽ እኮ!»

መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች። በነጋታውም መጣች፣ በነጋታውም ያው። ለመርማሪው ነገርኩት። «ይጣራል» አለኝ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት አልኩ። «መኪና የለም።» እኔን ለመያዝ ግን መኪና ነበረ።

አንድ ጠዋት «ሽማግሌ፣ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ፣ ተፈተዋል» አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ አልነገሩኝም፣ ለምን እንደተፈታሁም። በሩ ጋ ስደርስ እናትየው ቆማለች፣ ያው ክርክር ላይ ናቸው። በሩ ተከፍቶልኛል። እኔ ግን ከበሩ ወዲህ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው አባት?» አለ ጥበቃው።

«መድኃኒቱ ሳይገባ አልወጣም።»

«ኧረ ተፈተዋል እኮ! ሰው እሰሩኝ ብሎ ይለምናል?»

«ያልተቀመሰ አይገባም ነው የምትለው?»

«ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ቀማሹ እኔ ነኝ።» ከእናትየው እጅ አንድ ፍሬ ወሰድኩና በያዘችው ውሃ ዋጥኩት።

«ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እሰረኝ። ግቢህ ውስጥ ነኝ፣ ሩቅ አትሄድም።»

መርማሪው ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ጥበቃው ነገረው። መርማሪው እኔን አየ፣ እናትየውን አየ።

«ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አልኩት። «ከሞትኩ መርዝ ነው፣ አታስገቡት። ካልሞትኩ ግን ምክንያታችሁ አለቀ።»

ተመልሶ ገባ። ጥላው ከድንጋዩ ላይ እስኪሸሽ ተቀመጥኩ። እናትየው አጠገቤ ቆማ «እግዜር ያቆይልኝ፣ እግዜር ያቆይልኝ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ እውነት ብሞትስ እያልኩ በሆዴ እሳደባለሁ። መርማሪው ዳግመኛ ብቅ ሲል የሰለቸው ሰው ፊት ነበረው። «አስገባው በቃ፤ በየቀኑም አስገባው» አለ ለጥበቃው። እኔን አላየኝም።

አሁንም አልተነሳሁም። ቆይቶ ከግቢው ውስጥ የልጁ ድምፅ መጣ።

«አባባ! ዋጥኩት!»

ያን ጊዜ ተነስቼ ነጠላዬን አራገፍኩና ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ቀላ፤ ሚስቴ ደንግጣ ነርሷን አስጠራች። ነርሷ «ያቀላው መድኃኒቱ ነው። ያለ ትእዛዝ የሰው መድኃኒት ይዋጣል? ለልጁም እኮ ይጎድልበታል!» ብላ ሕፃን እንደሚቆጡ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ያደረግኩትን ማንም እንዳያደርግ። እኔም ሌላ በር ቢኖር በዚያ እገባ ነበር።

ቧንቧው ዛሬም ንፋስ ይተፋል። ስብሰባም ይጠሩናል። ልጁ ግን ተፈቶ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ተመርምሮ ከበሽታው ነፃ ነህ ተባለ። ለመስቀል እናቱ ያዘጋጀችውን ክትፎ ይዞ ከአገና ይመጣል። ደጄ ላይ ይቆምና ክዳኑን ከፍቶ፣ እኔን ፊት ለፊት እያየ አንዴ ይጎርሳል።

«ቀምሼዋለሁ አባባ። ይግባ?»

ሚስቴ በየዓመቱ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ተነስቼ በሩን ሰፋ አድርጌ እከፍትለታለሁ።