የሐምዱ ሞተር የጮኸበት ቀን

ጉንደ ወይን ውስጥ ስኳርና ዘይት፣ ሳሙናና ምስር የምትሸጠውን ቀድሪያን የማያውቅ የለም። ሳቂታ ናት፤ ሚዛኗ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ባሏ ሐምዱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ትቶላት የሄደው ልጃቸውን ጀነትንና ጎኑ ላይ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ሚኒባሱን ነው። «ሽጪው እንጂ፣ ሞተሩ ሳይደክም» ያላት ዘመድ ብዙ ነው። እሷ እቴ! ቁልፉን ለሐምዱ የቀድሞ ረዳት ለአለበል ሰጥታ በደብረ ማርቆስ መስመር ታሠራዋለች።

ለምን እንደማትሸጠው ለማንም ተናግራ አታውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምዱ በሕይወት ሳለ፣ አመሻሽ ላይ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ከተማው ሲገባ፣ የሞተሩን ድምፅ ከሌላው መኪና ሁሉ ለይታ ታውቀው ነበር። ጎርነን ያለ፣ መሐል ላይ ሳል ሳል የሚያደርገው ድምፅ ነው። ሰውየው ከተቀበረም በኋላ ያ ድምፅ ሲመጣ እግሯ ሳታዘው ይነሣል፤ እራት ልታቀርብ። ለዚያች ቅጽበት ባል አላት። ከዚያ በሩን ከፍቶ የሚወርደው አለበል ይሆናል። ታዲያ ታፍራለች። አበደች እንዳትባል ከልጇም ደብቃዋለች።

ሐምዱ ለዚያ ሞተር ይሳሳለት ነበር። ጠዋት ሳይሞቅ አይነዳውም። የሞተሩን ዙር የምታሳየው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ስትጠጋ፣ ተሳፋሪው «ምነው፣ በእግር ብንሄድ አይሻልም?» እያለ ቢያላግጥበትም፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል። አለበልንም ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ጀነት ዘንድሮ ተዳረች። ሙሽራው ሙዓዊያ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ምንም እንከን የማይወጣለት ልጅ። እሷም «በአባቴ መኪና ካልሆነ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ቀድሪያ ደስታዋን አልቻለችውም። ሚኒባሱ ታጠበ፣ አበባና ሪባን ታሰረለት።

የዘንድሮ ሰርግ ደግሞ ያለ ጩኸት ሰርግ አይመስልም። ሙሽራ ሲወጣ ክላክሱ አልበቃ ብሎ ሾፌር ሁሉ ባለበት ቆሞ ነዳጅ ይረግጣል። የሰው ሞተር ምን ገዶት! የሙሽራው ወገን ያመጣቸው የኪራይ መኪኖች እያጓሩ ሰፈሩን አናወጡት። ጀነት በአባቷ መኪና ውስጥ ቬሏን ለብሳ ተቀምጣለች። ይኼኔ ከሚዜዎቹ አንዱ፣ «የሴት ወገን መኪና ተኝቷል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ቀልድ ነው፤ ሁሉም ሳቀ። ቀድሪያን ግን ከነከናት። ልጄን አባት የላትም አሉብኝ ብላ ነው የሰማችው።

በሾፌሩ መስኮት ጎንበስ አለች።

«ስጠው አለበል።»

«ኧረ ይቅርብን እትዬ ቀድሪያ! ማርሽ ሳይገባ እንዲህ ቆሞ ሲረገጥ ሞተሩን የሚይዘው ነገር የለም። ካቅሙ በላይ ይዞራል፣ ውስጡ ይሰባበራል። ጋሼ ሐምዱ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?»

«ሐምዱማ ይስማ እንጂ! ልጁ እኮ ናት የተዳረችው። መቃብሩ ያውና፣ ሩቅ አይደለም። እሱ ጋ እንዲደርስ አድርገህ ስጠው!»

አለበል እምቢ ሊላት አልቻለም። ረገጠ።

ሞተሩ አገሳ። የሌሎቹ ሁሉ ድምፅ ተዋጠ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ቀድሪያም እልል እያለች እንባዋ ወረደ። ሐምዱ ራሱ ልጁን የሸኘ መሰላት። «ጨምር!» አለች። መርፌዋ ቀዩ መስመር ውስጥ ገባች። አለበል እግሩን ሊያነሣ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

ከሥር ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ፤ ሞተሩ አንዴ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። ጭስ ወጣ፣ ዘይቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሌሎቹም ሾፌሮች ደንግጠው እግራቸውን አነሡ።

ጀነትን ቬሏን ሰብስበው ወደ ሙሽራው መኪና አዛወሯት። እናቷን አቅፋ፣ «ምንም አይደል እማዬ፣ ይሠራል» አለቻት። አጀቡ ሄደ። ቀድሪያ ከነሰርግ ልብሷ ከተዘረገፈው ዘይት አጠገብ ቁጭ ብላ አነባች። ሰው ልጇን ሸኝታ የምታለቅስ መሰለው።

መካኒኩ አካለ ወልድ ሞተሩን ፈቶ ካየ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። «ፒስተኑን የያዘው ብረት ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶታል። ይሄ አይጠገንም፤ ሌላ ሞተር ነው የሚገባለት።»

«ድምፁስ?» አለች።

«የምን ድምፅ?»



ሌላ ሞተር ገባለት። አለበል መኪናውን ይዞ የመጣ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ቀድሪያ ሱቋ ውስጥ ምስር ትመዝን ነበር። ደጇ ላይ ሲቆም እንኳ ያላፊ አግዳሚ መኪና መስሏት ቀና አላለችም። «እትዬ፣ መጣን!» ብሎ ሲጣራ ነው የወጣችው። የተላጠው ቀለም ያው ነው፣ ወንበሩም ያው። ሐምዱ ግን የለም። ባሏ መሞቱ ገና አሁን ገባት፤ በገዛ አፏ ያስገደለችውም እሷ ራሷ መሰላት።

ስልኳ ጠራ። ጀነት ናት።

«እማዬ፣ መኪናው ተሠራ አሉኝ! እስኪ ስልኩን ሞተሩ ጋ አስጠጊልኝ፣ ልስማው።»

«ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

«እንዲሁ ነው... ማታ ማታ ድምፁ ሲመጣ አባዬ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። እዚህ ሲመሽ እሱ ነው የሚናፍቀኝ።»

 ቀድሪያ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋች። አለበል ነዳጁን በስሱ ነካ አደረገው። ጀነት ጥቂት አዳመጠች።

«እማዬ ደግሞ፣ የሌላ መኪና ነው እኮ ያሰማሽኝ!» አለች እየሳቀች። «የአባዬን አሰሚኝ እንጂ።»

አለበል ሰምቶ ሞተሩን አጠፋው። ቀድሪያ ስልኩን ይዛ፣ ምን ብላ እንደምትነግራት ጨንቋት፣ ደጁ ላይ ቆመች።