የእትዬ በየነች ኪኒን

ሳሊሐ ከባጃጅ እንደወረደች በሩጫ ጎረቤቷ እትዬ በየነች ቤት ገባች። በመቱ ገበያ ማር የምትሸጠው ሳሊሐ የጡት ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ወር ሆኗታል። እትዬም በዚሁ በሽታ ታመው የዳኑበትን ኪኒን፣ ጨውና በርበሬ እንደሚዋዋሱት ሁሉ አካፍለዋት፣ እሱን ስትውጥ ከረመች።

"እትዬ፣ ሐኪሙ ያ ኪኒን ለኔ አይሆንም አለኝ! የርስዎ ካንሰር በሆርሞን የሚያድግ ነበር። በኔው ካንሰር ላይ ግን እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚይዙትን ሦስት ምልክት ፈልገው አንዱንም አጡ፤ ኪኒኑ አይነካውም። መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ነው።"

"ዋዮ! እኔው ነኛ የገደልኩሽ!"

"ምን በወጣዎት! ይልቅ ማሬን ማን ይሸጥልኛል?"

"እኔ አለሁልሽ፤ ግማሹን ልሼ።"

ሳሊሐ ሳቀች። ነገ ለኬሞው ጅማ ትሄዳለች። ያ የባከነ ወር ምን እንዳጠፋባት ግን አታውቅም።