የዝናብ ቀን ሒሳብ

ጡረታ የወጣችው የሒሳብ አስተማሪ ስለ መጀመሪያው ትምህርት ቤቷ ስታወራ የምትጀምረው ከጣሪያው ነው፤ ኮርኒስ የሌለው፣ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይጣበባል፤ የተረፈው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከእሷ በፊት የመጡት ሁለት አስተማሪዎች ወር ሳይደፍኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል።

እሷ ግን መሄጃ አልነበራትም። ያስጠጋቻት ታላቅ እህቷ፣ «ቅጥርሽ ካልጸና እኔም ቤት ቦታ የለም፤ ልጆቼን የት ላስተኛቸው?» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ቅጥሩ የሚጸናው ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ሲያያት ነው።

በገባች ሳምንት ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለብጡ ነው የሚመስለው። ኮሌጅ ሳለች «ድምፅሽ የኋላው ወንበር ይድረስ» ተብላ ነበርና ጮኸች። ዝናቡ ሲብስ እሷም ባሰች። ልጆቹ አፏን እያዩ በሳቅ ፈረሱ። በማግስቱ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ስምም ወጣላት፦ «ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን»።

ጎን ካለው ክፍል የሚያስተምሩት፣ ኮታቸው ሁሌ ስለሚነጣ ልጆቹ «ጋሽ ጠመኔ» የሚሏቸው ጠና ያሉ መምህር፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ አገኟት።

«ከዝናብ ጋር ነው እንዴ ግብግቡ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ዝም በያ! እዚህ በዝናብ አፍ አይሠራም፤ እጅ ነው። መጀመሪያ አሥሮቹን በጣት፣ ከዚያ ለመለያ እጅን ጭብጥ፣ ከዚያ አንዶቹን። ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ ያውቁታል።»

«ታዲያ ልጆቹ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች አስተነፈስሻቸው?»

ሱፐርቫይዘሩ የመጣ ቀን የኋላ ዴስክ ላይ ከልጆች ጋር ተጣቦ፣ እስክሪብቶውን እንኳ ሳያወጣ ዝናቡ ወረደ። ሱፐርቫይዘር ፊት አፍ ዘግቶ ማስተማር አስተማሪ ያሰኛል? ልትጮህ ስትል ከፊት የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አፈጠጠችባት።

ዞረችና ሰባት ጊዜ ስምንት ጻፈች። እጆች ብድግ አሉ፤ አምስት ጣት፣ ጭብጥ፣ ስድስት ጣት። የተሳሳተውን ጎረቤቱ ጣቱን እያጠፈ ያርመዋል። ቀጥላ ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ስትጽፍ ሱፐርቫይዘሩም ሳይታወቀው እጁን አነሳ፤ አምስት፣ ጭብጥ፣ ሦስት። አጠገቡ ያለው ልጅ ራሱን ነቀነቀና የሰውዬውን አራተኛ ጣት ቀና አደረገለት።

ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ጣቱን አይቶ ሳቀ። «እኔንም አረማችሁኝ! በሉ፣ ትቆይላችሁ።»

ቆየችላቸው፤ ፀጉሯ እስኪሸብት። ኮርኒስ የተመታ ዕለት ሁሉም አጨበጨበ፤ እሷም አጨብጭባለች፣ ጉሮሮውን ማን ይጠላል። ከኮርኒሱ በኋላ በጣለው የመጀመሪያ ዝናብ ግን ቁጥር ጽፋ ዞር ስትል ልጆቹ እጃቸውን እንዳጣጠፉ በአፋቸው መለሱላት። መልሱ ልክ ነበር። «ጎበዞች» አለች። ከዚያ መስኮቱን ከፈተችና ዝናቡን ትንሽ አዳመጠች።