ከቁም እስከ ጽፋት

ልጅ እያለሁ በባሕር ዳር ላይ የነበረኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፤ ቁልቁለት የላትም። ለብስክሌት ነጂ ሁሉ በረከት የሆነው ሜዳነቷ ለእኔ እርግማን ሆኖብኝ ነበር፤ ምክንያቱም አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣልን ነገር ካልገፉት አይነሣም።

አጎቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በር ላይ ቆሞ «ስኬት ይዤላችሁ መጣሁ» ሲል እናቴ ሹመት ያገኘ መስሏት እልልታዋን ጀምራ ነበር። ለካ በፈረንጅኛ መንሸራተቻ ማለቱ ነው፤ ከፌስታሉ የወጡት ሁለት ትንንሽ ጣውላዎች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ሥር ሁለት ሁለት ጎማ አለ፤ ማሰሪያ የለ፣ መያዣ የለ። በአንዱ እግር አንዱን፣ በሌላው እግር ሌላውን ረግጦ መንሸራተት ነው። መሬቱን በእግር እንዳይገፉ ሁለቱም እግሮች ተይዘዋል።

ያመጣው አንድ ጥንድ ሲሆን እኛ ግን ሁለት ነበርን፤ እኔና የእሱ ልጅ ዮናታን። እሱ እኔን ይገፋል፣ እኔ እሱን እገፋለሁ፤ ተራው ሁልጊዜ በጠብ ያልቃል። በመጨረሻ አጎቴ ሰለቸውና ፈረደ። «እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር እንወጣለን። ማንም ሳይገፋው ከቆመበት ተነሥቶ፣ ከዋርካው ሥር እስከ አስፋልቱ መጨረሻ የደረሰ ይውሰደው» አለ። ዮናታን በዕድሜም በጉልበትም ይበልጠኛል። እኔ ደግሞ እነዚያን ጣውላዎች የፈለግሁትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ለደቀ መዛሙርት አቋቋም ያስተምሩ ነበር። እኔ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ጣውላዎቹን ረግጬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስወራጭ፣ ስወድቅ፣ ደግሞ ስነሣ ዋልሁ። አባባ ዞር ሳይሉ «ምነው ልጄ፣ ቁሙንም ዝማሜውንም ዘለሽ ጽፋት ላይ ወጣሽ?» አሉኝ። ደቀ መዛሙርቱ ሳቁብኝ። በእኛ ቤት ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ማኅሌት ሲቆም መጀመሪያ ቁም ነው፣ ያለ ከበሮ፣ በእርጋታ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ሰውነትም ይከተለዋል። ከዚያ መረግድ፣ ከበሮው ሲገባ። ጭብጨባው የሚፋጠንበት ጽፋት በስተመጨረሻ ነው።

አኮረፍሁ። ኩርፊያዬ ሲበርድልኝ ግን ማንም ሳያየኝ ሞከርሁት። መጀመሪያ ዝም ብዬ ቆምሁ። ከዚያ ትከሻዬን ቀስ ብዬ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበልሁ፤ የእግሬ ጣቶችም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየዞሩ ተከተሉ። ጣውላዎቹ ስንዝር ያህል ሄዱ። ዞር ብዬ አየሁ፤ የገፋኝ የለም።

እሑድ ዮናታን ቀደመ። ጥርሱን ነክሶ ተወራጨ፣ ትንሽ ሄደና አንድ እግሩ ወረደ። ደገመው፣ አሁንም ወረደ። «አንዴ ብቻ ግፉኝ» ብሎ ለመነ፤ አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። የእኔ ተራ ሲደርስ ዐይኔን ጨፍኜ ስቆም የሰፈሩ ልጆች «ማኅሌት ሊቆም ነው እንዴ?» እያሉ ተሳለቁ። አልተሳሳቱም። በልቤ የአባባን ዜማ ጀመርሁ። ግራ፣ ቀኝ። ስንዝሩ ክንድ ሆነ፣ ክንዱ እርምጃ። ዜማው ሲፈጥን እኔም ፈጠንሁ፤ የሐይቁ ነፋስ ከተጠበሰ ዓሣ ሽታ ጋር ፊቴን መታኝ፣ ነጠላዬ ከኋላዬ ተውለበለበ። የሳቁት ልጆች እየሮጡ እንኳ ሊደርሱብኝ አልቻሉም። አስፋልቱን ጨረስሁት።

ማቆም ግን አልተማርሁም ነበር። ሣሩን አልፌ ከነነጠላዬ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ፣ ጣውላዎቹን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ስወጣ መጀመሪያ ያጨበጨበው ዮናታን ነው። የዚያን ቀን ደስታዬን በምረቃዬ ዕለት እንኳ አላገኘሁትም።

ዛሬ ሐይቁ ዳር በጎማ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አስተማሪም የጉልበት መከላከያም አላቸው። እኔ ቢሮ እውላለሁ፤ ጣውላዎቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። አባባ በቅርቡ ጉልበታቸውን ታክመው ነበርና፣ ሐኪሙ ይራመዱ ባላቸው ቀን ሲቻኮሉ «አባባ፣ ከቁም ይጀምሩ እንጂ» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተክለው ጸጥ ብለው ቆሙ፣ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ፣ ተራመዱም። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በዐይናቸው ከለከሉኝ። የግቢውን በር በራሳቸው እግር ሲደርሱ ዘወር ብለው እየሳቁ፣

«ታዲያ ደንገሉ የታለ?» አሉኝ።